ጓንትዎ ከምን ይከላከላል?

በካኩማና በካሎበዬ ካሉ አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በኢንሴንቲቭ ክፍያ ወይም በበጎ ፈቃድ ይሰራሉ። እርስዎም በጤና ጣቢያ ጽዳት፣ በሽንት ቤት ጥገና፣ ክሎሪን በማዘጋጀት፣ ብሎኬት በማምረት ወይም በብየዳ ላይ የተሰማሩ ከሆነ ጓንት፣ ማስክ ወይም ቦት ጫማ ፈርመው ተቀብለው ይሆናል። የግል ስራ ከሆነም ከገበያ ገዝተው ይሆናል። እቃው ከየትኛው አደጋ እንደሚከላከል የነገረዎት ሰው አለ? ከየትኛው አደጋ እንደማይከላከልስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ማንኛውም የመከላከያ ልብስ የሚፈተነው ለተወሰነ አደጋ ብቻ ነው። ለሌላው አደጋ ተራ ጨርቅ ወይም ተራ ላስቲክ ነው። ባዶ እጁን የሆነ ሰው ይጠነቀቃል፤ ጓንት ያደረገ ሰው ግን ይደፍራል። ጓንቱ ለዚያ ስራ ያልተሰራ ከሆነ ድፍረቱ ነው የሚጎዳው።

ሁሉም ጓንት አንድ አይደለም

በጤና ጣቢያ በካርቶን መቶ መቶ ሆኖ የሚመጣው ስስ ጓንት ለአንድ ታካሚና ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰራ ነው። እጅን ከደምና ከሰውነት ፈሳሽ ይለያል። መርፌና ምላጭ ግን አያቆምም፤ የቆሻሻ ማቃጠያውን ሙቀትም አይችልም። አጥቦ ወይም በአልኮል ጠርጎ እንደገና መጠቀም ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይፈጥርበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የእርዳታ በጀት ከተቀነሰ ወዲህ በብዙ ቦታ እቃ አንሷል፤ ችግሩን እናውቃለን። ቢሆንም ስስ ጓንት ካለቀ ለጽዳት ስራ የሚሻለው አሮጌውን አጥቦ መድገም ሳይሆን ወፍራሙን የጎማ ጓንት ማድረግ ነው። ወፍራሙ እየታጠበ እንዲሰራ የተዘጋጀ ነውና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዙ። ስሱ ጓንት ከላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የተሰራ ከሆነ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ ወይም ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ይቀደዳል። ጄኔሬተር የሚጠግኑ ሰዎች ከጤና ጣቢያ በለመኑት ጓንት ሲሰሩ እናያለን፤ ለዚያ ስራ ናይትራይል የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ላቴክስ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው ሰዎችም አሉ። ይህ ከደረሰብዎ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ እንጂ ዝም ብለው አይቀጥሉ።

እስከ ክንድ የሚደርሰው ወፍራም የጎማ ጓንት ለጽዳት፣ ለክሎሪንና ለቆሻሻ ማንሳት ነው። በየጠዋቱ ይፈትሹት። አፉን አጠፍ አጠፍ አድርገው አየሩን ወደ ጣቶቹ ይግፉና ውሃ ውስጥ ይንከሩት። አረፋ ካወጣ ተበስቷል። በአፍዎ ግን አይንፉበት። ከቆዳ የተሰራው ጓንት ደግሞ ለብየዳ፣ ለሽቦና ለእሾህ ነው። ፈሳሽ ስለሚመጥ ክሎሪን ወይም ቆሻሻ ውሃ ከነካው እጅዎን በመርዙ አስሮ እንደመዋል ይቆጠራል።

ምልክቱን እንዴት ያነቡታል?

ደህና የተባለ ጓንት ጀርባው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ትንንሽ ስእሎች አሉት። መዶሻ የሚመስለው ስእል ኢኤን 388 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ ያመለክታል። ከስሩ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች በቅደም ተከተል መፋተግን፣ መቆረጥን፣ መቀደድንና መበሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራሉ። ለምሳሌ 4131 የሚል ካዩ ጓንቱ ለመፋተግ ጠንካራ ሲሆን ለስለትና ለመበሳት ግን ደካማ ነው። ብሎኬት ለሚያነሳ ሰው ጥሩ ነው፤ ቆርቆሮ ለሚቆርጥ ሰው አይሆንም።

የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የመበሳት ፈተናው የሚደረገው 4.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ ጫፉ በደነዘ የብረት ዘንግ ነው። የሃኪም መርፌ ከዚያ በብዙ ይቀጥናል። ስለዚህ በመበሳት 4 ያገኘ ጓንት እንኳ መርፌን ያቆማል ማለት አይደለም። የጤና ጣቢያ ቆሻሻ የሚያነሱ ወንድሞችና እህቶች ይህን አጥብቀው ይያዙት። ከረጢቱን በእጅ ደፍጥጠው አያስገቡ፤ ከታችም ደግፈው አይያዙ። አንገቱን ይዘው፣ ከእግርዎ አርቀው ይሸከሙት። የመርፌ መጣያው ሳጥን ሶስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ፤ ከዚያ በላይ የሞላ ሳጥን ካገኙ ደግሞ አይግፉበት፣ ለነርሷ ይንገሩ።

ሌላው ስእል የላብራቶሪ ብልቃጥ የሚመስለው ነው፤ የኬሚካል ጓንት ማለት ነው። ከጎኑ የሚጻፈው ዓይነት ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ነው። ኤ ማለት ከ18 የፈተና ኬሚካሎች ቢያንስ 6ቱን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል፤ ቢ ማለት 3ቱን ለ30 ደቂቃ፤ ሲ ማለት አንዱን ለ10 ደቂቃ ብቻ። ደቂቃው የሚቆጠረው ኬሚካሉ ከነካው ጊዜ ጀምሮ ነው። አንዴ የነከሩትን ጓንት ሳያጥቡ ሙሉ ቀን ይዘው መዋል አይገባም።

ሲኢ የሚለው ምልክት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለእቃ ማጠቢያ የተሰራ ቀላል ጓንትም ምልክቱ አለው። ከባድ አደጋ ለመከላከል የተሰራ እቃ ግን ከሲኢ ቀጥሎ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይኖረዋል፤ ቁጥሩ ምርቱን የሚቆጣጠረው ድርጅት መለያ ነው። ምንም ጽሁፍ የሌለው፣ ማሸጊያው የጠፋ፣ ከሚቱምባ ክምር ውስጥ የተገኘ ጓንት ከምን እንደሚከላከል ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ሻጩም ቢሆን።

ማስክና የማይያዘው አየር

በጆሮ የሚታሰረው ሰማያዊ የሃኪም ማስክ በዋናነት ያደረገው ሰው ወደ ሌላው እንዳይተነፍስና እንዳይረጭ የሚከላከል ነው። በጎን በኩል ክፍት ስለሆነ የሲሚንቶ አቧራና ጭስ ይገባል። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍ ላይ መጠምጠም ከዚያም ያነሰ ነው። ለአቧራና ለጭስ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት ማስክ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በፈተና 95 በመቶ፣ ሁለተኛው 94 በመቶ የሚሆነውን ደቃቅ ብናኝ ይይዛል። ይህ የሚሆነው ግን ጠርዙ ፊት ላይ ከገጠመ ብቻ ነው። ጺም ካለዎት አየሩ በጺሙ መካከል ያልፋል። ኤፍኤፍፒ ማስክ ላይ ኤንአር የሚል ከተጻፈ ከአንድ የስራ ፈረቃ በላይ አይጠቀሙበት።

እነዚህ ማስኮች ብናኝ እንጂ ጋዝ አይዙም። ክሎሪን የሚያዘጋጁ ሰዎች ኤን95 አድርገው ሽታው አፍንጫቸውን ሲወጋቸው ማስኩ ተበላሽቷል ይላሉ። አልተበላሸም፤ መጀመሪያውኑ ለዚያ አልተሰራም። ለክሎሪን ጋዝ የሚሆነው ማጣሪያ ግራጫ ቀለበት ያለበት፣ ቢ የሚል ፊደል የተጻፈበት ነው። ቡናማው ለቀለምና ለነዳጅ ተን፣ አረንጓዴው ለአሞኒያ፣ ነጩ ለብናኝ ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ በካምፕ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከማስክ በፊት አሰራሩን ማስተካከል ይቀድማል። ክሎሪን የሚበጠብጡት ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሁን። ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አያፍሱ። ከአሲድ፣ ከሽንት ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አያገናኙት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ዱቄቱን ከናፍጣና ከነጭ ጋዝ አጠገብ አያስቀምጡ፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ዓይንዎ ላይ ግጥም የሚል መነጽር ያድርጉ፤ ለማንበብ የሚደረገው መነጽር በጎን በኩል ያስገባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ይታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የሽንት ቤት ጉድጓድ

ስለዚህ ጉዳይ አንለማመጥም። ወደ ሞላ ወይም ወደቆየ የሽንት ቤት ጉድጓድ ለመግባት የሚያስችል ጓንት፣ ቦት ወይም ማስክ እርስዎ እጅ የለም። በጉድጓዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይጠራቀማል። ከአየር ይከብዳልና ከታች ይተኛል። በመጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። "ሽታው ጠፋ" ያለው ሰው በዚያች ቅጽበት በጣም አደገኛው ቦታ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የጋዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ እንኳ የጎደለውን ኦክስጅን አይተካም።

በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ያሉ አደጋዎች በተደጋጋሚ የሚታየው አንዱ ወድቆ ሌላው ሊያወጣው ሲገባ ሁለቱም መቅረታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም የስራ ድርጅት፣ የዓለም ባንክና ዋተርኤይድ ስለ ጽዳት ሰራተኞች ጤናና ክብር በጋራ ባወጡት ሪፖርት እነዚህን ሰዎች ከዓይን የተሰወሩ ሲል አስቀምጧቸዋል። ጉድጓድ የሚጠረገው ከላይ ሆኖ፣ በፓምፕ ወይም በረጅም እጀታ ባለው መሳሪያ ነው። ሰው ከወደቀ ይጩሁ፣ እርዳታ ይጥሩ፣ ገመድ ካለ ይወርውሩለት። አይግቡ። ስልክ ወይም ጫማ ገብቶ ከሆነ ይቅር።

ከላይ ሆነው ለሚሰሩ ሰዎች ወፍራም ጓንት፣ የላስቲክ ሽርጥ፣ ቦትና መነጽር ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ማንም የማያየው መከላከያ አለ፤ እሱም ክትባት ነው። የቲታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድዎን ካላስታወሱ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ።

የፀሀይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም

በገበያው ውስጥ በጁዋ ካሊ የሚሰሩ በያጆች የፀሀይ መነጽር አድርገው፣ አንዳንዶቹም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲበይዱ ማየት የተለመደ ነው። የብየዳ መስታወት ጥቁረቱ በቁጥር ይለካል። በኤሌክትሮድ ለሚደረግ የተለመደ ብየዳ 10 ወይም 11 ቁጥር ይጠቅማል። የፀሀይ መነጽር ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ይባስ ብሎ ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ ዓይንን ስለሚያታልል ሰውየው ረጅም ሰዓት እንዲያይ ያደርገዋል።

ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም። ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ያቃጥላል፣ እንባ ይወርዳል፣ ብርሃን ማየት ያቅታል። ጥሬ ድንችም ሆነ ወተት መፍትሄ አይደለም። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አጠገብ ቆመው የሚያዩ ልጆችም በተመሳሳይ ይጎዳሉና በቆርቆሮ ወይም በመጋረጃ ይከልሉ።

ልብስን በተመለከተ፣ ናይለንና ፖሊስተር ሲቃጠሉ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የጥጥ ወይም የጂንስ ልብስ ይሻላል። ሱሪውን ቦት ውስጥ አይክተቱ፤ ከላይ ይውረድ፣ ፍንጣሪው እንዳይገባ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ወባ የመሰለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። በያጅ ከሆኑና ትኩሳት ከያዘዎት ለሃኪሙ ስራዎን ይንገሩ። የወባ ምርመራውን ግን አይተዉ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላልና።

እግር

የካኩማ መሬት የማቴንጌ እሾህ የሞላበት ነው። በበረባሶ ብሎኬት ማንሳትና ጉድጓድ መቆፈር ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጎማ ቦት ከውሃና ከጭቃ ይከላከላል። ምስማርና ብርቱ እሾህ ግን አያቆምም። አይኤስኦ 20345 የሚል ቁጥር ያለው የደህንነት ጫማ ጣቶችን የሚሸፍን ጠንካራ ቆብ አለው። ቆቡ 20 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከአንድ ሜትር ገደማ ሲወድቅበት እንዲችል ይፈተናል። ከጎማ ቦቶች መካከል ኤስ5 የተባለው ሶሉ ውስጥ መበሳትን የሚከላከል ንጣፍም አለው፤ ኤስ4 የተባለው ግን ይህ ንጣፍ የለውም። በመልክ አይለያዩም። ቁጥሩን ማየት ነው።

እርጥብ ሲሚንቶም የእግር ጠላት ነው። ቦት ውስጥ ከገባ ወይም ተንበርክከው ከሰሩበት በመጀመሪያ ምንም አይሰማዎትም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው እንደ እሳት ቃጠሎ ይቆስላል። ቦቱን ወዲያው አውልቀው በብዙ ውሃ ይታጠቡ።

ሙቀቱስ?

"ይህን ሁሉ ለብሼ በዚህ ፀሀይ?" የሚለው ጥያቄ ስንፍና አይደለም። ቱርካና ውስጥ ቀን ቀን ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው፤ ላብ የማያሳልፍ ቱታ ለብሶ መስራት ሰውን ሊጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በምእራብ አፍሪካ የኢቦላ ህክምና ማእከሎች ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰራተኞች በሙቀቱ ምክንያት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ገደማ በላይ እንዳይቆዩ ይደረግ ነበር። እነሱ የሰለጠኑ ናቸው፤ እርስዎም ልብሱን ማውለቅ ሳይሆን ሰዓቱን መቁረጥ ይችላሉ። ከባዱ ስራ ከማለዳ እስከ ረፋድ ይሁን። ሁለት ሁለት ሆነው ይስሩ፤ ጓደኛዎ የማይገናኝ ነገር ከተናገረ ወይም ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ወስደው ልብሱን ያላሉለት፣ በውሃ ያቀዝቅዙት፣ እርዳታ ይጥሩ። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ጥም እስኪሰማዎት አይጠብቁ። ለመጠጣት ግን ጓንትዎን አውልቀው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በጾም ወቅት ለሚሰሩ ሰዎች ኃላፊው ፈረቃውን ቢያስተካክል ተገቢ ነው።

የማን ግዴታ ነው?

የኬንያ የ2007 የስራ ላይ ደህንነትና ጤና ህግ ሰው በጊዜያዊነትም ይሁን በቋሚነት የሚሰራበትን የስራ ቦታ ሁሉ ይመለከታል። አንቀጽ 101 ሰራተኞች ለእርጥበት ወይም ለጎጂ ነገር በሚጋለጡበት ቦታ አሰሪው በቂና ተስማሚ የመከላከያ ልብስ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ጓንት፣ ጫማ፣ መነጽርና የራስ መሸፈኛ እንዲያቀርብና እንዲጠግን ያዛል። የዓለም የስራ ድርጅት የ1981 ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ የደህንነት እርምጃ በሰራተኛው ወጪ መሆን የለበትም ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የስራ ቦታን ከመሰረታዊ የስራ መብቶች አንዱ አድርጎታል።

"ተስማሚ" የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። ለሁሉም አንድ ቁጥር ቱታ ማደል፣ ለሴት ሰራተኛ የወንድ 44 ቁጥር ቦት መስጠት ተስማሚ አይደለም። እግር የሚንሸራተትበት ቦት ይጥላል፤ ጣት የሚተርፍበት ጓንት ማሽን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እቃ ሲሰጥዎ ይለኩት፤ ካልሆነዎት ይመልሱት። ሲፈርሙ የእቃውን ዓይነትና መጠን ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። "ጓንት፣ 1" ብሎ መጻፍ ነገ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ቡድን መሪ ከሆኑ ደግሞ የሰራተኞችዎን የጫማ ቁጥር አስቀድመው ጽፈው ለእቃ ግምጃ ቤት ያስገቡ። አስር ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው፤ እንደምናየው ግን ብዙ ቦታ አይሰራም።

በመርፌ ቢወጉ

ቦታውን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። አይጭመቁት፣ በረኪና አያፍሱበት። ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ደም ከተረጨ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠቡ። ከዚያ በሚቀጥለው ቀን ሳይሆን በዚያው ሰዓት ለኃላፊዎ ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድሃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ስራዬን አጣለሁ ብለው አይደብቁት፤ የተወጋ ሰው ጥፋተኛ አይደለም።

ቤትዎ ሲደርሱ

የስራ ቱታዎን ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይዘፍዝፉት፤ ለብቻው በሳሙና ይታጠብ። የሚቻል ከሆነ እዚያው ስራ ቦታ ታጥቦ ይደር። ጓንቱንና የላስቲክ ሽርጡን በጥላ ያድርቁ፤ የካኩማ ፀሀይ ጎማን በአጭር ጊዜ ያደርቀዋል፣ ያሰነጣጥቀዋል። ቦቱን ከበር ውጭ ዘቅዝቀው ያስቀምጡት። ጠዋት ሲያደርጉት ደግሞ በመጀመሪያ ያራግፉት፤ ጊንጥ ማታ ማታ ጨለማና ጠባብ ቦታ ይፈልጋል።